ሕጉ ወጣ፣ ደረጃው ግን እዚያው ነው

ቤይሩት ውስጥ ዊልቸር ገፍታ የምታውቅ እህት የዚህን ከተማ የእግረኛ መንገድ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ከፍ ያለ ጠርዝ፣ ጠርዙ ላይ የቆመ መኪና፣ መኪናው እንዳይቆም የተተከለ ብረት። ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ለመድረስ አስፋልት ላይ ወርደን ከመኪና ጋር እየተጋፋን እንገፋለን። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ ነው የምናየው፤ አገሩ እንዲህ ነው፣ አለቀ። ነገር ግን አገሩ ይህን እንዲያስተካክል የሚያዝ ሕግ ከ2000 ጀምሮ አለው። ዛሬ የምጽፍላችሁ የዚያን ሕግ ታሪክ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ስለ አንድ በር ነው የምጽፈው፤ አካል ጉዳተኛ ሰው ድምፅ ሊሰጥ ስለሚሄድበት የምርጫ ጣቢያ በር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ።

«እኛ እዚህ አንመርጥ፣ ምን አገባን?» ትሉኝ ይሆናል። ያገባናል። አንደኛ፣ ዊልቸሩን የምንገፋው እኛ ነን። ሁለተኛ፣ ከመካከላችን ከፎቅ ወድቀው፣ ወገባቸው ተሰብሮ፣ ተቀምጠው አገር የገቡ አሉ። ሦስተኛ፣ መብት በወረቀት ላይ ተጽፎ እንዴት ደጅ ላይ እንደሚቀር ከዚህ ታሪክ በላይ የሚያስተምር አላየሁም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጦርነቱ ነው። ሊባኖስ ከ1975 እስከ 1990 እርስ በርስ ተዋጋች። ከዚያ በፊት አካል ጉዳተኛ ማለት ወይ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ፣ ወይ ለበጎ አድራጎት ተቋም የሚሰጥ ሰው ነበር። ሲያዩት «ምስኪን» ይሉታል፣ ምጽዋት ይሰጡታል፤ መብት አለው ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ጦርነቱ ፈንጂና ጥይት አዝንቦ እግር ያጡትን፣ ዓይን ያጡትን አበዛቸው። ትናንት ተማሪ ወይም ሠራተኛ የነበረ ወጣት ዛሬ ዊልቸር ላይ ሲቀመጥ ምስኪን መባልን እሺ ብሎ አልተቀበለም። በ1981፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው የሚመሩት አንድ ማኅበር ተመሠረተ፤ የሊባኖስ የአካል ጉዳተኞች ኅብረት ይባላል። ጤነኛ ሰዎች ስለ እነሱ የሚሰበሰቡበት አልነበረም፤ እነሱ ስለ ራሳቸው የሚሰበሰቡበት ነበር።

በ1987 እነዚህ ሰዎች አንድ ትልቅ ነገር አደረጉ። በዊልቸርና በክራንች ሆነው፣ ጦርነቱ ይብቃ እያሉ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ አገሪቱን አቋርጠው ሰልፍ ወጡ። ያኔ አገሪቱ በታጣቂ ቡድኖች ተከፋፍላ፣ ጤነኛው እንኳ ከሰፈር ሰፈር መሻገር የሚፈራበት ጊዜ ነበር። ጦርነቱ የሰበራቸው ሰዎች ናቸው ጦርነቱን ይቁም ያሉት። ስለ ሕግ ከመናገሬ በፊት ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ሕጉ ከአንድ ደግ ሚኒስትር ልብ የመጣ ስጦታ አልነበረም፤ ከብዙ ዓመት ድካም የመጣ ነው።

ሕጉ ቁጥሩ 220 ነው፤ ቀኑ ሜይ 29፣ 2000። ቀኑን ልብ በሉት። የእስራኤል ጦር ከደቡብ ሊባኖስ ከወጣ አራት ቀኑ ነበር፤ አገሩ ደስታ ላይ ነበር። በዚያ ደስታ መካከል የወጣው ሕግ ትልቅ ነገር ይዞ ነበር። አካል ጉዳተኛ የመታወቂያ ካርድ ያገኛል። የመማር፣ የመታከም፣ የመሥራት መብት አለው። ከ60 በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ከመቶ ሦስቱን ቦታ ለአካል ጉዳተኞች መስጠት አለበት። ሕንፃውም፣ መንገዱም፣ መጓጓዣውም ለእነሱ የሚመች መሆን አለበት። በአረቡ ዓለም በጊዜው እንዲህ የተሟላ ሕግ ብዙ አልነበረም።

ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው? ሕግ ብቻውን አይሠራም፤ ደንብ ይፈልጋል፣ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ተቆጣጣሪ ይፈልጋል። በሩ ስንት ሴንቲ ሜትር ይስፋ፣ መወጣጫው ምን ያህል ይዘቅዝቅ፣ ሽንት ቤቱ እንዴት ይሁን የሚለውን የሚዘረዝረው የሕንፃ ደንብ የወጣው በ2011 ነው። አሥራ አንድ ዓመት! በእነዚያ አሥራ አንድ ዓመታት ስንት ሕንፃ ተሠራ? ከ2006 ጦርነት በኋላ የፈረሰው ሁሉ እንደገና ሲገነባ ደረጃውም አብሮ ተገነባ።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ። በ2005 የአካል ጉዳተኞች ኅብረትና የዓይነ ስውራን ወጣቶች ማኅበር «ሐቂ» የሚል ዘመቻ ጀመሩ። ቃሉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ደሞዛችን ሲዘገይ የምንለው ቃል ነው፤ «መብቴ» ማለት ነው። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ ዜጋ ከሆንን ለምንድን ነው የምርጫ ጣቢያ መግባት የማንችለው?

ለምን እንደማይችሉ ለመረዳት የሊባኖስን የምርጫ ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ አገር ሰው የሚመርጠው በሚኖርበት ከተማ አይደለም፤ ቤተሰቡ በተመዘገበበት መንደር ነው። ቤይሩት ተወልዶ ቤይሩት ያረጀ ሰው እንኳ አያቱ ወደ መጡበት ተራራ መሄድ አለበት። ሲደርስ ድምፅ የሚሰጠው የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱ አርጅቷል፤ አሳንሰር የለውም። ክፍሉ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስለዚህ ዊልቸር ያለው ሰው ደረጃው ሥር ቆሞ የሚሸከመው ይጠብቃል፤ ወታደር፣ ዘመድ፣ ወይም ከፓርቲዎቹ የመጣ ጎረምሳ።

ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም። የአንድ ፓርቲ ልጅ ተሸክሞሽ ሦስት ፎቅ ከወጣ በኋላ ማንን እንደምትመርጪ በልቡ አይጠይቅሽም? እስከ 2018 ምርጫ ድረስ ደግሞ መንግሥት ያተመው አንድ ዓይነት የድምፅ መስጫ ወረቀት አልነበረም። መራጩ በእጁ ይጽፋል፣ ወይም ፓርቲዎቹ አትመው የሚያድሉትን ወረቀት ይዞ ይገባል። ማየት የማይችል ሰው እጁ ላይ የተሰጠው ወረቀት የማን እንደሆነ በምን ያውቃል? ምስጢራዊ ድምፅ የሚባለው ለእሱ ምስጢር የሆነው ከራሱ ላይ ነው።

ዘመቻው ፍሬ አፈራ። በ2008 የወጣው የምርጫ ሕግ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የአካል ጉዳተኞችን ፍላጎት እንዲያስብ፣ ያለ እንቅፋት እንዲመርጡ እንዲያመቻች፣ ከማኅበሮቻቸውም ጋር እንዲመክር አዘዘ። በ2009 ደንብ ተጨመረበት። በ2017 የወጣው አዲሱ የምርጫ ሕግም ያንኑ ደገመ። በወረቀት ሲታይ ሁሉም አለ።

የኅብረቱ ሰዎች ግን ወረቀቱን አምነው ቤታቸው አልተቀመጡም። ሜትር ይዘው ወጡ። ለ2009ኙ ምርጫ የሚያገለግሉትን ትምህርት ቤቶች በመላ አገሪቱ እየዞሩ መግቢያውን፣ ደረጃውን፣ አሳንሰሩን፣ ሽንት ቤቱን ለኩ። 1,741 ጣቢያ ነበር። መስፈርቱን ሁሉ አሟልቶ የተገኘው ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ስድስት። ስድስት መቶ አላልኩም፤ ስድስት።

ይህ ቁጥር ለእኔ ከሕጉ ይበልጥብኛል። ከዚያ በፊት «ደረጃው አስቸገረን» ሲሉ መልሱ «እግዜር ይርዳችሁ፣ ሰው ይሸከማችኋል» ነበር። ከተቆጠረ በኋላ ግን ነገሩ የአንድ ምስኪን ችግር መሆኑ ቀረ፤ የመንግሥት ጉድለት ሆነ። ሚኒስትር ፊት የሚቀመጥ፣ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ፣ በሚቀጥለው ምርጫ «ስንት ደረሰ?» ተብሎ የሚጠየቅ ነገር ሆነ።

ሸክሙን እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ። የምሠራበት ቤት አሮጊቷ እናት፣ ሁላችንም «ቴታ» የምንላቸው፣ በዊልቸር ነው የሚሄዱት። በሜይ 2018 ወደ መንደራቸው ይዘናቸው ወጣን። ጣቢያው ሁለተኛ ፎቅ ነበር። ዊልቸሩ በደረጃው አልዞር ሲል አንድ ወታደርና የወንድማቸው ልጅ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠው አነሷቸው። እኔ ከኋላ ቀሚሳቸው እንዳይገለጥ ይዤ ወጣሁ። ቴታ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ፈርተው መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ሲነግሩኝ ግን አፍረው ነው። መንደሩ ሁሉ ደረጃው ላይ ተሰልፎ ያያቸዋል፤ በወጣትነታቸው በእነዚያ ደረጃዎች ሮጠው የወጡ ሴት ናቸው። በሩ ላይ ስንደርስ እኔ ቀረሁ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ቤት ውስጥ ፊርማቸውን እንኳ ደግፌ የማስፈርማቸው እኔ ነኝ፤ ነገር ግን ሕጉ መጻፍ ለማይችል መራጭ የሚፈቅደው ሌላ መራጭ እንዲረዳው ነው። እኔ መራጭ አይደለሁም። ሕጉ ትክክል ነው፤ የአገሩ ድምፅ የአገሩ ሰው ነው። ግን በዚያች ቅጽበት የገባኝ ነገር አለ። መወጣጫው ቢኖር፣ ክፍሉ ምድር ቤት ቢሆን፣ ቴታ የማንንም ክንድ ሳይለምኑ ይገቡ ነበር። ያልተሠራው መወጣጫ ሁልጊዜ በሰው ክንድ ነው የሚተካው፤ ያ ክንድ ደግሞ አብዛኛውን ቀን የእኛ ነው።

በሜይ 2022 ሌላ ምርጫ መጣ። ገንዘቡ ከወደቀ፣ ወደቡ ከፈነዳ በኋላ ነው። መብራት የለም፤ አሳንሰር ያለበት ሕንፃም አሳንሰሩ ቆሟል። ሰው በሚኖርበት ከተማ የሚመርጥባቸው ትላልቅ ማዕከሎች ይከፈቱ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ሳይሆን ቀረ። የሊባኖስ ፓርላማ በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች ስምምነት አጸደቀ። አገሩ ስምምነቱን የፈረመው ግን በ2007 ነበር። የስምምነቱ 29ኛ አንቀጽ ጣቢያው የሚደረስበት፣ ድምፁም ምስጢራዊ እንዲሆን ያዛል። በዚያም ምርጫ ግን ሰው በሸክም ደረጃ ሲወጣ ታየ።

ሌላ አገር እንዴት ተቀየረ ብትሉ፣ አሜሪካንን ላንሳ። እዚያም ደረጃ ነበር። ማርች 12፣ 1990 አካል ጉዳተኞች ዊልቸራቸውንና ክራንቻቸውን ጥለው የምክር ቤቱን ረጅም ደረጃ በክንዳቸውና በጉልበታቸው እየዳሁ ወጡ። በዚያው ዓመት ጁላይ 26 ሕጉ ተፈረመ። ልዩነቱ መዳሃቸው ብቻ አልነበረም፤ ሕጉ ያላከበረውን ፍርድ ቤት የማቆም መብት ሰጣቸው። ከዚያ በኋላም ቢሆን የማይገባባቸው የምርጫ ጣቢያዎች አልጠፉም፤ ግን ሰው መክሰሻ አለው። ጥርስ የሌለው ሕግና ጥርስ ያለው ሕግ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው።

የእኛስ አገር? እኛም ሕግ አለን። ሕገ መንግሥቱ በ38ኛው አንቀጽ ዕድሜው 18 የሞላ ኢትዮጵያዊ ያለ ልዩነት ይመርጣል ይላል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የወጣው በእኛ አቆጣጠር በ2001 ነው። 36ኛ አንቀጹ ሕዝብ የሚጠቀምበት ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙና መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖረው አዘዘ፤ ሽንት ቤቱም እንደዚያው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታቱን ስምምነት ያጸደቀችው በ2010 ነው፤ ከሊባኖስ ፓርላማ አሥራ ሁለት ዓመት ቀድማ። አሁን ደግሞ አዲስ አበባን በሐሳባችሁ ዙሩ፤ የቀበሌውን፣ የባንኩን፣ ልጃችሁ የሚማርበትን ትምህርት ቤት ደረጃ አስቡ። ሕጉ አለ፤ ደረጃውም አለ።

ይህን ለምን እዚህ መጽሔት ላይ ጻፍኩት? የሊባኖሱ ሕግ 220 ካርዱን የሚሰጠው ለሊባኖሳዊ ነው። እዚህ ሥራ ላይ ሳለች ወድቃ የተሰበረች እህታችን በዚያ ሕግ ውስጥ የለችም፤ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ውስጥም የለችም፤ የ1946ቱ ሕግ የቤት ሠራተኛን ከመጀመሪያው አውጥቷታል። የምትጠቀምበት ሕግ ያለው አገር ቤት ነው። ተቀምጣ ስትገባ ዘመድ ጎረቤት «ምስኪን» ብሎ ቤት ውስጥ እንዳያስቀራት፣ መግቢያ እንዲሠራላት የሚያዝ ሕግ እንዳለ ይዛ ትግባ። እሷ ባታውቀው የምታውቅ ጓደኛ ትንገራት።

ሁለተኛው ነገር ለማኅበራችን ነው። የኅብረቱ ሴቶችና ወንዶች ያስተማሩኝ መቁጠርን ነው። እኛም በየሳምንቱ «ብዙ እህቶች ደሞዝ አልተከፈላቸውም፣ ብዙ እህቶች ወድቀዋል» እንላለን። ብዙ ማለት ስንት ነው? የወደቀችውን፣ የወደቀችበትን ቀን፣ የትኛው ፎቅ እንደሆነ፣ ማን እንዳሳከማት፣ እንዴት እንደተሸኘች በደብተር እንያዝ። «ብዙ» ሲባል ሰው ያዝናል፣ ይረሳልም። 1,741 እና ስድስት ሲባል ግን መልስ የሚጠየቅበት ሰው ይገኛል። ለሚቀጥለው ስብሰባ አዳራሽ ስንፈልግም ከኪራዩ ቀጥሎ የምንጠይቀው ይሁን፦ ስንት ደረጃ አለው?