የተረፈ ዕቃና የጣና መብራት፦ በትንሽ ብር የሚገጣጠም የጌም ኮምፒውተር ታሪክ

ቁንዝላ በጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኝ ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ጎርጎራ የሚደርሰው መርከብ መንገዱን በአንድ ቀን ስለማይጨርሰው ለብዙ ዓመታት የሚያድረው በእሷ ነበር። ዛሬ ግን አካባቢው ለአገሪቱ የሚያበረክተው ትልቁ ነገር ውኃው ነው። የጣና ውኃ በዚያ ዳርቻ በኩል 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚረዝም ዋሻ ይገባል፤ ቁልቁል ወርዶ ተርባይን ያዞራል፤ ከዚያም ወደ በለስ ወንዝ ይፈስሳል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ አራት ተርባይኖች ሲኖሩት በድምሩ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው።

ኤሌክትሪኩ ከብሔራዊው መስመር ጋር ተቀላቅሎ የትም ይሄዳል። እህል ይፈጫል፣ ምጣድ ያግላል፣ ፋብሪካ ያንቀሳቅሳል። ጥቂቱ ደግሞ ማታ ማታ ከትምህርት በተመለሱ ልጆች ክፍል ውስጥ የጌም ኮምፒውተር ያሠራል። ስለዚህ የመጨረሻው አጠቃቀም ማንም አያወራም። ወላጅ “ሥራ ፈትነት” ይለዋል፤ የተማረውም ንቆት ያልፋል። ነገር ግን ይህ ሳጥን ተከፍቶ ሲታይ የዶላር ምንዛሪው፣ የመብራት መቆራረጡ፣ የኢንተርኔት መዘጋቱና የዓለም ንግዱ ሁሉ ውስጡ ተጠቅጥቆ ይገኛል። ጥያቄውም ስለ ጨዋታ ብቻ አይደለም። አንድ ወጣት በዕቁብ ያጠራቀመውን ብር የት ላይ ያውለው የሚል ነው። አንዴ የተሳሳተ ዕቃ ከገዛ ሁለተኛ ዕድል ለማግኘት ዓመት ይፈጅበታል።

◾ የተከፈተው ሳጥን

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1981 አይቢኤም የመጀመሪያውን የግል ኮምፒውተሩን ለገበያ ሲያቀርብ መነሻ ዋጋው 1,565 ዶላር ነበር። ኩባንያው ቸኩሎ ስለነበር አብዛኛውን ክፍል ራሱ ከመሥራት ይልቅ ገበያ ላይ ያለውን ወስዶ ገጣጠመ። ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ ሲስተሙን ከማይክሮሶፍት አገኘ። በዚህ ምክንያት ሌሎች ኩባንያዎች ተመሳሳዩን ማሽን ለመሥራት ብዙ አልተቸገሩም። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን ደረጃ አወጣ። የማዘርቦርዱ ልክ፣ የብሎኑ ቀዳዳና የፓወር ሰፕላዩ መጠን አንድ ወጥ ሆነ። አንዱ አገር የተሠራ ማዘርቦርድ ሌላ አገር በተሠራ ኬዝ ውስጥ ልክክ ብሎ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ነገር የኢትዮጵያ ገበሬ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። ድግር ሲሰበር ድግሩ ይለወጣል እንጂ ሞፈርና ቀንበሩ አብረው አይጣሉም። ኮምፒውተርም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንዲሁ ሆነ። ራም የተቃጠለበት ራም ይገዛል፤ ካርድ የደከመበት ካርዱን ይቀይራል።

ጌሙ የራሱን ክፍል ይዞ የመጣው ትንሽ ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው “ዱም” የተባለው ጨዋታ በጊዜው ተራ በነበሩ ኮምፒውተሮች ይሠራ ነበር። በ1996 ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው ኩባንያ ቩዱ የተሰኘ የሦስት አውታር ካርድ አወጣ። በ1999 ኤንቪዲያ ጂፎርስ 256ን ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ የጌም ኮምፒውተር ዋጋ ማለት በአብዛኛው የግራፊክስ ካርድ ዋጋ ማለት ሆነ።

◾ ከፕሌይስቴሽን ቤት ወደ ኮምፒውተር

በኢትዮጵያ ከተሞች ብዙ ወጣት ጌምን ያወቀው በፕሌይስቴሽን ቤት ነው። አንድ ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር። ክፍያው በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። ፕሌይስቴሽን ግን የሚያውቀው ሥራ አንድ ነው። ኮምፒውተር የገዛ ቤተሰብ በአንድ ዕቃ ትምህርቱንም፣ የቪዲዮ ኤዲቲንጉንም፣ ጌሙንም ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2005 ለኮምፒውተር የወጣው “ሳን አንድሪያስ” በደካማ ማሽንም ስለሚሠራ በሲዲና በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ።

ከተጫዋቾቹም ሠሪዎች ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቅኔ ጌምስ የተባለው የኢትዮጵያ ድርጅት ከወጥ ድስት የምታመልጥ ዶሮን ባለታሪክ ያደረገውን “ኩኩሉ” የተሰኘ የስልክ ጌም አቀረበ። የስልክ ጌም የሚጫወቱት በስልክ ቢሆንም የሚሠሩት በኮምፒውተር ነው። ለጌም የሚሆን ካርድ ያለው ማሽን አኒሜሽንም፣ የሕንፃ ዲዛይንም፣ ቪዲዮም ይሠራል። “ሥራ ፈትነት” የሚለው ፍርድ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው።

◾ የሰው አገር ቢሮ የጣለው

በአነስተኛ ብር ማሽን የሚገጣጥም ኢትዮጵያዊ አዲስ ዕቃ ከካርቶን አያወጣም። መነሻው ብዙ ጊዜ የሰው አገር ቢሮ ተጠቅሞ ያስወገደው ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም መሰሉ የኤችፒ ዴስክቶፕ ነው። የሀብታም አገር መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሩን በጥቂት ዓመታት ይቀይራል። የተቀየረው ተጠርጎና ተፈትሾ በዱባይ በኩል ወይም በመንገደኛ ሻንጣ ይመጣል። ገበያው “ስላሽ” ወይም “ዩዝድ” ይለዋል። የልብሱ ሰልባጅ እንዳለ ሁሉ ይህም የኮምፒውተር ሰልባጅ ነው።

ይህ ጅረት በቅርቡ ጨምሯል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን አብዛኞቹን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። ስለዚህ ጤነኛ የሆኑ ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ማሽኖች ከቢሮ እየወጡ ነው። አራት ኮር ያለው ኮር አይ 5 ለሪፖርት መጻፊያ ብቻ ሳይሆን የብዙ ዓመት ጌሞችን ለማጫወትም ይበቃል።

የቢሮ ማሽን ግን ሁለት ልጓም አለው። አንዱ ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ ለቢሮ ሥራ ተመጥኖ የተሠራ ስለሆነ ጉልበታም ካርድ አይሸከምም። ሁለተኛው ኬዙ ነው፤ ቀጭኑ ሳጥን አጭር ካርድ ካልሆነ አያስገባም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጂቲኤክስ 750 ቲአይ በበጀት ገጣጣሚዎች ዘንድ ስም ያተረፈው ለዚህ ነው። የሚበላው 60 ዋት ብቻ ነው። ማዘርቦርዱ በማስገቢያው በኩል እስከ 75 ዋት ስለሚሰጥ ተጨማሪ ገመድ አይፈልግም። በ2016 የወጣው 1050 ቲአይም በዚያው ወሰን ውስጥ ይሠራል።

◾ ቆፋሪዎቹ

እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 ተጫዋቹ ከማያውቀው ሰው ጋር ተሻማ። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ የሚመረተው በግራፊክስ ካርድ ስለነበር ቆፋሪዎች ካርዱን ከገበያ ጠራርገው ገዙት። ዋጋው ከተለጠፈበት በላይ ወጣ። መስከረም 15 ቀን 2022 ኢቴሪየም አሠራሩን ሲቀይር የካርድ ቁፋሮው ባንድ ቀን ቆመ፤ ያገለገሉት ካርዶችም ወደ ገበያ ፈሰሱ።

ከነዚህ ውስጥ ደህናው ብዙ ነው፣ ችግር ያለበትም አለ። ቀን ከሌት የሠራ ካርድ ማራገቢያው ይደክማል፤ የአንዳንዱም ባዮስ ለቁፋሮ ተለውጧል። ከዚህ የከፋው አሮጌ ካርድ ላይ የአዲስ ስም ጭኖ መሸጥ ነው። ብር ከመቁጠር በፊት ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍቶ እውነተኛውን ቺፕ ማየት፣ ቀጥሎም ካርዱን ሻጩ ፊት ከበድ ባለ ጌም ግማሽ ሰዓት ማሠራት ይገባል። ይህን የሚከለክል ሻጭ መልሱን በራሱ ሰጥቷል።

◾ ምን ይቅደም?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዓመቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ይሁንና የኮምፒውተር ነጋዴ ዋጋውን ሲተምን የኖረው በባንኩ ሳይሆን በጥቁር ገበያው ምንዛሪ ስለነበር ጭማሪው ለገዢው ያን ቀን አልጀመረም። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የራም ገበያውን ስለተሻሙበት የራም ዋጋ በዓለም ደረጃ አሻቅቧል። እንዲህ ባለ ጊዜ የአገዛዝ ቅደም ተከተል ከዕቃው ስም በላይ ዋጋ አለው።

መጀመሪያ ሞኒተሩ ይታይ። ተራ ፉል ኤችዲ ሞኒተር ላለው ሰው ለአራት ኬ የተሠራ ካርድ ብር መጣል ነው። ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩ ይታሰብ፤ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ሌላውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ ካርዱ በፓወር ሰፕላዩና በኬዙ ልክ ይመረጥ። ራም ሲገዛ አንድ ባለ 16 ከመውሰድ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ይሻላል፤ ጥንዱ በአንድነት ሲሠራ ይፈጥናል። ሲስተሙ ኤስኤስዲ ላይ ይጫን። ካርድ ለመግዛት ጨርሶ አቅም ከሌለ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በ99 ዶላር እንደወጣው ራይዘን 3 2200ጂ ግራፊክሱን አብሮ የያዘ ፕሮሰሰር መንገድ ነው። ቀለማት የሚያበራው ማራገቢያና የመስታወቱ ኬዝ መጨረሻ ይምጡ፤ ባይመጡም አይጎዳም።

ባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ ላይ ይህ ዝርዝር ሁለት ነገር ይጨመርበታል። አንዱ መብራቱ ነው። ሄዶ ሲመለስ ቮልቴጁ ይዘላል፤ ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ሳይገዙ ካርድ መግዛት በር ሳይገጥሙ ዕቃ ማስገባት ነው። ሌላው ኢንተርኔት ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ተቋርጦ ነበር። ከ60 ጊጋባይት በላይ የሚሆነውን “ጂቲኤ 5” አውርዶ መጫወት የማይታሰብ ሆነ። በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ጌምም ሞተ። በእንዲህ ያለ አገር አሮጌው ሃርድ ዲስክ ከኤስኤስዲው ጎን ቦታ አለው፤ ከጓደኛ የተገለበጠው ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ሌላ አገር “ጊዜው ያለፈበት” የተባለ ክፍል እዚህ ዋና ሲሆን ይህ አንዱ ማስረጃ ነው።

◾ መብራቱ ለማን?

ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ቁፋሮን ስትከለክል ቢትኮይን ቆፋሪዎች ርካሽ ኤሌክትሪክ ፍለጋ ተበተኑ፤ ከመጡባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የሚጠቀሙት ግራፊክስ ካርድ ሳይሆን ለዚያ ብቻ የተሠራ ልዩ ማሽን ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ኤሌክትሪኩን በዶላር ይሸጥላቸዋል። ዶላሩ ለአገር ያስፈልጋል፤ ይህ አይካድም። የሚያነጋግረው ሌላ ነው። ያ ማሽን ቢትኮይን ከመቆፈር ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ዕድሜው ሲያልቅ ትምህርት ቤት አይገባም፣ ቪዲዮ አይሠራም፣ ልጅ አያስተምርም። ከሰው አገር ቢሮ የተጣለው ዴስክቶፕ ግን ይህን ሁሉ ያደርጋል።

የጣና ታንኳ የሚሠራው ዳርቻው ላይ ከሚበቅለው ደንገል ነው። ሠሪው የሚያስበው ስለሌለው እንጨት ሳይሆን እጁ ላይ ያለው ደንገል ምን ያህል እንደሚሸከም ነው። በ60 ዋት ካርድ፣ በሁለት ራምና በአንድ ስታቢላይዘር ማሽን የሚያቆም ልጅም ስሌቱ ያው ነው። እሱ የድርሻውን አስልቷል። ውኃው ከሐይቁ ዳርቻ እየወጣ መብራቱ እዚያው ዳርቻ ላይ የሚቆራረጥበትን ምክንያት የማስላት ድርሻ ግን የእሱ አይደለም።