«የሰባ ጉበት» ወይስ «ስብ የቋጠረ ጉበት»?

የጤና ምክር በተሰጠበት ሁሉ በእንግሊዝኛ «ፋቲ ሊቨር» የሚባለውን የጉበት በሽታ «ወፍራም ጉበት» ማለት ተለምዷል። ሻል ያለው ተርጓሚ «የሰባ ጉበት» ይላል። ሁለቱም አይሆኑም። የመጀመሪያው ጉበትን እንደ ጋቢ በውፍረቱ የሚመረጥ ያስመስለዋል። ሁለተኛው ጭራሽ ሙገሳ ነው፤ በአማርኛ የሚሰባው ሰንጋና ሙክት ነው፣ ሲሰባም ዋጋው ይጨምራል። የውጭዎቹ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2023 የበሽታውን ስም ሲለውጡ አንዱ ምክንያታቸው «ፋቲ» የሚለው ቃል ታማሚን ያሸማቅቃል የሚል ነበር። የእኛው ደግሞ ያስጎመጃል!

«የዓይን ሞራ»ን አስታውሶ «የጉበት ሞራ» ለማለት የሚዳዳው አይጠፋም። ያምራል፤ ነገር ግን ሞራ አንጀትን ከላይ የሚያለብስ ስስ መረብ ነው። ይህ ስብ የሚጠራቀመው በራሱ በጉበቱ ህዋስ ውስጥ ነው፤ ከ100 ህዋሳት ከ5 በላይ የሆኑት ስብ ሲይዙ ሐኪሙ ስም ይሰጠዋል።

እኔ «ስብ የቋጠረ ጉበት» እላለሁ። ቁስል መግል ይቋጥራል፤ የተቃጠለ ቆዳ ውሃ ይቋጥራል። ቃሉ ከውስጥ መጠራቀሙንም፣ እዚያ መገኘት እንዳልነበረበትም ባንድ ጊዜ ይናገራል። ቋጠሮ ደግሞ ይፈታል፤ ጉበቱ ጠባሳ ሳያወጣ ከተደረሰበት ይህኛውም ክብደት ሲቀነስ ይፈታል።

ስሙ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሰዎች ነው። ቫይረሱ ገና ከጅምሩ በአንጀት ግድግዳ ያሉትን ሲዲ4 የተባሉ የበሽታ መከላከያ ህዋሳት ይፈጃል። ግድግዳው ሲሳሳ የአንጀት ባክቴሪያ ስብርባሪ ሾልኮ ደም ውስጥ ይገባል፤ ከአንጀት የሚነሳው ደም ደግሞ መጀመሪያ የሚያርፈው ጉበት ላይ ነው። ጉበቱ ይቆጣል፤ ይህም ስብ ለመቋጠር ሊያጋልጠው ይችላል። መድኃኒቱ ቫይረሱን ቢያስተኛውም ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ አይጠግነውም። በዚህ ላይ በአገራችንም ብዙዎች የወሰዱት ስታቩዲን የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት የጉንጭና የእግር ስብ እያሟሸሸ ጉበት ውስጥ ስብ ያስቋጥር ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ቀስ በቀስ እንዲቀር መክሯል። ጉንጩ የሟሸሸውን ሰው «ጉበትህ ወፍራም ነው» ቢሉት የሌላ ሰው ውጤት የተሰጠው አይመስለውም?

ከላይ የተጠቀምኩበትን «ባክቴሪያ»ን ግን ባትነኩብኝ። «ጥቃቅን ተሕዋስያን» እያሉ የሚተኩት አሉ፤ እሱ ቫይረሱንም ፈንገሱንም ይጠቀልላል። «ባክቴሪያ» ያልገባው አንባቢ የት አለ?