ናራ በጃፓን ታሪክ ያላት ስፍራ

በጥንት ስሟ ሄይጆ ትባል የነበረችው ናራ የጃፓን መናገሻ ሆና የቆየችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ710 እስከ 784 ዓ.ም. ብቻ ነው፤ በዚህም መካከል ከ740 እስከ 745 መንግሥቱ ወደ ሌላ ስፍራ ሄዶ ተመልሷል። በ794 የተተካችው ኪዮቶ ከሺሕ ዓመት በላይ መናገሻ ሆና ስለ ኖረች፥ ናራ መሸጋገሪያ ብቻ ትመስላለች። ይሁን እንጂ የጃፓን መንግሥት በአንድ ስፍራ ረግቶ አገሩን በጽሑፍ ማስተዳደርን ያደላደለው በናራ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ቀደም ሲል ንጉሥ በሞተ ቁጥር ቤተ መንግሥቱን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር የተለመደ ነበር። በ694 መናገሻ የሆነችው ፉጂዋራ ይህን ልማድ ለማስቀረት ብትጀምርም ዘመኗ ከ16 ዓመት አላለፈም። በ701 የወጣው የታይሆ ሕግ ደግሞ ብዙ ሹማምንትና ጸሐፊዎች፥ የሕዝብ መዝገብና ቋሚ ግብር የሚጠይቅ ነበር። ንግሥት ጌንሜይ መናገሻውን ያዛወሩባት ናራ በቻይናይቱ ቻንግአን አምሳል ተሠራች፤ ቤተ መንግሥቱ በሰሜን፥ መንገዶቹ ቀጥ ብለው እርስ በርሳቸው የሚቋረጡ፥ ከ70 ሜትር በላይ ስፋት ያለው ዐቢይ ጎዳናም ከተማይቱን ለሁለት የሚከፍል ሆነ።

የዚህ አስተዳደር ምስክሮች ከ1961 ጀምሮ ከቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ተቆፍረው የወጡት፥ በቀለም የተጻፈባቸው ትናንሽ ጣውላዎች ናቸው። ከእነርሱም ብዙዎቹ በግብር ጭነት ላይ ታስረው የመጡ ሲሆኑ፥ ጨው ወይም የሚበላ የባሕር አረም ከየትኛው አውራጃ እንደ መጣና መጠኑን ይናገራሉ። ሥርዐቱ በሕዝቡ ላይ ያደረሰውን ግን የሚነግረን ሌላ ማስረጃ ነው፤ በ712 የወጣው ዐዋጅ፥ ለመንግሥት ሥራ የተጠሩ ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ስንቃቸው አልቆ በየመንገዱ ይራቡ እንደ ነበረ ይገልጻል።

ከ735 እስከ 737 ፈንጣጣ ሕዝቡን ከፈጀ በኋላ፥ ንጉሠ ነገሥት ሾሙ በ741 በየአውራጃው ገዳም እንዲሠራ፥ በ743ም የቡድሃ ታላቅ የነሐስ ምስል እንዲቆም ዐዘዙ፤ ምስሉም በ752 ተመረቀ። በዚህ የተጠናከሩት መነኮሳት በመንግሥት ሥራ እጃቸውን አስገቡ፤ ዶኪዮ የሚባለው መነኩሴ በ769 ለዙፋኑ እስከ መታጨት ደርሶ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ካንሙ በ784 መናገሻውን ወደ ናጋኦካ ሲያዛውሩ ታላላቆቹን ገዳማት በናራ ትተዋቸው ሄዱ፤ ከኀይላቸው መራቅ ለመዛወሩ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ቤተ መንግሥቱ ፈርሶ የሩዝ እርሻ ሆነ፤ ጣውላዎቹንም ጠብቆ ያቆየልን ይኸው ርጥብ መሬት ነው። እንግዲህ የነሐሱን ምስል ብቻ አይቶ የናራን ክብር የሚያደንቅ ሰው ፍርዱ ግማሽ ይሆናል፤ በጣውላዎቹ ላይ የተቈጠረውን ግብርና በመንገድ የተራቡትን ሰዎችም አብሮ መመዘን ይገባዋል።