አውራ ምስል፦ ሶፍትዌር የማይመርጠው ሥዕል

አኒሜሽንን በኮምፒውተር የሚጀምር ሰው ገና ከመነሻው የሚገጥመው ቃል «ኪይፍሬም» ነው። እንቅስቃሴው የሚነሣበትን፣ የሚታጠፍበትንና የሚያርፍበትን ቅጽበት የሚይዝ፣ ሠዓሊው ራሱ የሚወስነው ምስል ማለት ነው። በመካከል ያለውን ክፍተት የሚሞሉት ደግሞ «ኢንቢትዊን» ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ የፊተኞቹን የሚሥሉት አንጋፋዎቹ ነበሩ፤ የኋለኞቹ የረዳቶች ድርሻ ነበሩ። ዛሬ የረዳቶቹን ሥራ በአብዛኛው ሶፍትዌር ወስዶታል። ለፊተኛው «አውራ ምስል»፣ ለኋለኛው «አገናኝ ምስል» የሚሉትን ስያሜዎች አቀርባለሁ። «ቁልፍ ምስል» ማለትም ይቻላል፤ ነገር ግን ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ተማሪ «ቁልፍ» ሲባል ኪቦርዱን ነው የሚያስበው። አውራ ጎዳና ስንል ግን ሌሎቹ መንገዶች የሚገብሩለትን ዋናውን ማለታችን ነው፤ የዚህ ምስል ጠባይም ይኸው ነው።

የአውራ ምስል ምርጫ ለምን የሰው ሥራ ሆኖ እንደሚቀር ፈረስ ሲሣል ጎልቶ ይታያል፤ ለዚህም ከአዊ የተሻለ አገር አይገኝም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር ሶምሶማውም ሽምጥ ግልቢያውም በአንድ ሜዳ ይታያል። በሶምሶማ የቀኝ የፊት እግርና የግራ የኋላ እግር አብረው ያርፋሉ፤ ቀጥሎ ተቃራኒዎቹ ጥንዶች ይተካሉ። ጀማሪ እነዚህን ሁለት አቋሞች ብቻ ሥሎ የቀረውን ለሶፍትዌሩ ቢተው ሰኮናዎቹ ሳይነሡ መሬት ለመሬት ይንሸራተታሉ፣ ጀርባውም ከፍ ዝቅ አይልም። ፕሮግራሙ ከአንዱ አቋም ወደ ሌላው የሚያደርሰውን አጭር መንገድ ያሰላል እንጂ ፈረስ ክብደት እንዳለው አያውቅም። እግሩ ክብደቱን ተቀብሎ አካሉ ዝቅ የሚልበት፣ ቀጥሎም ፈረሱ ከመሬት የሚለቅበት ምስል ሲጨመር ነው ሶምሶማው ሶምሶማ የሚሆነው። ዓይንም ብቻውን ይሳሳታል፦ ኤድዋርድ ማይብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1878 ካሊፎርኒያ ውስጥ 12 ካሜራዎች ደርድሮ ፎቶግራፍ እስኪያነሣ ድረስ ሠዓሊዎች ጋላቢውን ፈረስ እግሮቹን ወደፊትና ወደኋላ ዘርግቶ ሲንሳፈፍ ይሥሉት ነበር። አራቱም ሰኮናዎች አየር ላይ የሚሆኑት ግን ከሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ ነው።

እንቅስቃሴን በሴንሰር መቅዳት እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን የሚል ይኖራል። የተቀዳ እንቅስቃሴ እያንዳንዱን ቅጽበት እኩል ይይዛል፤ የትኛው እንዲጎላ፣ የትኛው በፍጥነት እንዲያልፍ አይናገርም። ገጸ ባሕርይን ኩሩ ወይም ደካማ የሚያደርገው ደግሞ ይኸው ምርጫ ነው። ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ያለ አውራ ምስል ከመጀመሪያው ሥዕል ተነሥቶ በቅደም ተከተል መሣልም የታወቀ ስልት ነው። እውነት ነው፤ ለእሳትና ለጭስ እንዲያውም ይሻላል። ለጋላቢና ለፈረስ ግን አያዋጣም፤ በሴኮንድ 24 ምስል በሚያልፍበት ፊልም መጠኑም ጊዜውም ቀስ በቀስ ከእጅ ያፈተልካል።

የእንጅባራና የዳንግላ ወጣቶች ሆይ፣ የጥር 23ቱን ግልቢያ በስልካችሁ ቅረጹና ቪዲዮውን ምስል በምስል እያቆማችሁ አውራዎቹን በወረቀት ሣሉ፤ ወደ ኮምፒውተር የምታስገቡባቸው ብሌንደርና ክሪታ የተባሉት ሶፍትዌሮች በነጻ ይገኛሉ።