ከግራሶ ወደ ጎማ፦ የብራቾ ጎሚኒ ታሪክ

የአውቶሞቢል ታሪክ በተጻፈ ቁጥር የክብር ወንበሩን የሚይዘው ሞተሩ ነው። እኛ ግን የምንናገረው ሰው ጎንበስ ብሎ ካልፈለገው በቀር ስለማይታይ፣ ከሎሚ እምብዛም ስለማይበልጥ ዕቃ ነው። መካኒኮቻችን ጎሚኒ ይሉታል። ቃሉ እንደ ባሌስትራ፣ እንደ ክሪክና እንደ ቡሎን ከጣልያንኛ የተወሰደ ነው። መንኰራኩሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ ማለት ብራቾው፣ ከመንገዱ ጋር ከፍና ዝቅ ሲል የሚታጠፈው በዚህ ዕቃ ላይ ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

ቀድሞ በዚህ ስፍራ ጎማ አልነበረም። ብረት በብረት ውስጥ ይዞር ነበር፤ በመካከሉም ዘይት ወይም ግራሶ ይጨመር ነበር። ከ1908 እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ የተሠራው የፎርድ ሞዴል ቲ ባለቤት የዘይት ማንቆርቆሪያ ይዞ ከመኪናው ሥር መግባት የዘወትር ሥራው ነበር። በአገራችን ለብዙ ዘመን የታወቀው ቮልስዋገንም ከዚሁ ወገን ነው። የፊት ክንዶቹ የሚዞሩባቸው ሁለት ቱቦዎች አራት የግራሶ ማስገቢያ ነበሯቸው፤ እነርሱን የዘነጋ ሰው ጥቂት ቆይቶ መሪው ሲንቀጠቀጥ ያገኘዋል።

ጎማ ለዚህ ሥራ ይበቃል ብሎ ለማሰብ ረጅም ጊዜ ወስዷል። ጥሬ ጎማ በሙቀት ይለሰልሳል፣ በብርድ ይደርቃል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከድኝ ጋር አዋሕዶ በእሳት ማጽናት እንደሚቻል በ1839 ደረሰበት፤ በ1844ም የፈጠራ መብቱን አገኘ። በ1860 ሲሞት ግን ባለዕዳ ነበር። በስሙ የሚጠራው የጎማ ፋብሪካ በ1898 በሌሎች ሰዎች የተቋቋመ ስለ ሆነ እርሱም ቤተሰቡም ምንም አልተጠቀሙበትም።

በ1920ዎቹ ዓመታት መሐንዲሶች ሁለት የብረት ቱቦዎችን አንዱን በሌላው ውስጥ አድርገው በመካከላቸው ጎማ አጥብቀው ማስገባት ጀመሩ። በፈረንሳይ አገር ይህ ዕቃ «ሲሌንብሎክ» ተባለ፤ ዝምተኛ ጉማጅ እንደ ማለት ነው። የብልሃቱ ቍም ነገር ጎማው የማይንሸራተት መሆኑ ነው። በራሱ ውስጥ ይጠመዘዝና ተመልሶ ይፈታል፤ የሚፋተግ ነገር ከሌለም ግራሶ አያስፈልግም።

በ1934 ታላላቆቹ የአሜሪካ ፋብሪካዎች የፊት መንኰራኩሮች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚነሡባቸውን መኪናዎች ለገበያ አወጡ። በካዲላክ ይህን ሥራ በብርቱ የደከመበት እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሞሪስ ኦሊ ነው። መኪናው ተመቸ፤ ክንዱና መገጣጠሚያው ግን በዛ። ብዙዎቹ መገጣጠሚያዎችም ገና ብረት ስለ ነበሩ ግራሶ የሚጠጣው ስፍራ ተበራከተ። ጎማ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቀስ በቀስ ቦታውን የያዘው ስለዚህ ነው።

በ1966 የወጣውን ፊያት 124 መሠረት አድርጎ በ1970 በቮልጋ ዳር በቶሊያቲ ከተማ መሠራት የጀመረው ላዳ የዚህ ትውልድ ልጅ ነው። (ከተማይቱም የተሰየመችው በአንድ ጣልያናዊ ስም መሆኑ ያስገርማል።) በደርግ ዘመን በብዛት ገብቶ፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ የአዲስ አበባን ሕዝብ ያመላለሰው ይህ መኪና ከፊቱ አራት ብራቾና ስምንት ጎሚኒ አለው፤ አንዱም ግራሶ አይጠይቅም።

አንዳንዶች ይህን ንጹሕ ትርፍ አድርገው ያዩታል። እኛ በከፊል ብቻ እንስማማለን። ግራሶ ባለሙያውን በየጊዜው ከመኪናው ሥር ያስገባው ስለ ነበር የላላውን ሁሉ ያይ ነበር። ጎሚኒ ግን ማንንም አይጠራም፤ ሲያረጅም በዝምታ ያረጃል። በዓባይ በረሃ ቍልቍለት ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን የሚስብ መኪና ምን ያህል እንደሚያሠጋ ያንን መንገድ ለሚያውቅ ማስረዳት አያስፈልግም።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ጉድጓድ ላይ ቋ የሚል ድምፅ፣ በአንድ ጠርዙ ብቻ የሚበላ ጎማ፣ ተስተካክሎ ሳለ ብዙም ሳይቆይ የሚዛባ መሪ። ነገር ግን የላላ ቴስቲናም እንዲሁ ስለሚያሰማ በጆሮ ብቻ መፍረድ አይገባም። ብራቾውን በረጅም ብረት ፈልቅቆ መሞከር ይሻላል፤ የውስጡ ቱቦ ከመካከል ሸሽቶ፣ ጎማው ተሰንጥቆ ወይም በዘይት ርሶ አብጦ ከታየ ጊዜው አልፏል።

ለመለወጥ አሮጌው በፕሬስ ወይም በሞርሳና በልኩ በተቈረጠ ቱቦ ተገፍቶ ይወጣል። በላዳ የታችኛው ብራቾ ታላቁን ሞላ ስለ ተሸከመ፣ ሞላው በመሣሪያ ሳይታሰር የሚፈታው ሰው በሕይወቱ ይጫወታል። በብራቾው ዘንግ ሥር ያሉት ስስ የብረት ቁራጮችም የመንኰራኩሩን ዘንበልታ የሚወስኑ ናቸውና ተቈጥረው ወደ ቦታቸው ይመለሱ።

ብዙዎች የሚስቱት ግን የመጨረሻውን ሥራ ነው። መኪናው በክሪክ ተሰቅሎ፣ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ዳዶው ከጠበቀ፣ ጎማው ያንን አኳኋን ዕረፍቱ አድርጎ ይይዛል። መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ቆሞም እንኳ አያርፍም። ስለዚህ ዳዶው በመጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው በአራት እግሩ ከቆመ በኋላ ነው። አለዚያ አዲሱ ጎሚኒ በጥቂት ጊዜ ይቀደዳል፤ ባለቤቱም ዕቃው የማይረባ ነው እያለ የመለዋወጫ ነጋዴውን ይወቅሳል።