ስም ሲመለስ

የጦር ሠራዊታችን የእግር ኳስ ክለብ ለረጅም ጊዜ «መከላከያ» ሲባል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ጥንቱ ስሙ፣ ወደ «መቻል» ተመለሰ። በ1956 የሀገሪቱ ሻምፒዮን የሆነው በዚህ ስም ነበር። በሩቅ ቬትናምም በ1954 የተመሠረተው የጦሩ ክለብ ቴ ኮንግ በ2009 ያጣውን ስሙን በ2023 መልሶ አግኝቷል።

እኛም የስምን ነገር እናውቃለን። ከተማችን በመዝገብ «ሚዛን አማን» ብትባልም፣ ቡናውን ለገበያ የሚያወርደው ገበሬ ዛሬም «ሚዛን ተፈሪ» ይላታል።

«መከላከያ» የመሥሪያ ቤት ስም ነው፤ የክለቡን ባለቤት ይነግረናል። «መቻል» ግን ከተጫዋቹ የሚጠበቀውን ይናገራል። ቃሉ ችሎታም ትዕግሥትም ነው፤ ወታደርም ሆነ ኳስ ተጫዋች ያለ ሁለቱ አይዘልቅም። ስሙን ጽሕፈት ቤት መልሶታል፤ ማስከበሩ ግን በሜዳ የሚቆሙት የአሥራ አንዱ ፈንታ ነው።