የወላይታ የዝናብ አደጋዎች

የወላይታ የዝናብ አደጋዎች በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በወላይታ ዞን ከከባድ ዝናብ በኋላ የሚደርሱ የጎርፍና የመሬት መንሸራተት አደጋዎች ናቸው። የዞኑ ዋና ከተማ ሶዶ፣ ኦቶናን ጨምሮ፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ይገኛል። ወላይታ ዝናብ የሚያገኘው በበልግና በክረምት ነው። የበልግ ዝናብ ሲቀር ረሃብ፣ ሲበዛ ደግሞ ጎርፍ ይከተላል።

በ2008 ዓ.ም. ሁለቱም ተከታትለው መጡ። ከኤልኒኖ ድርቅ በኋላ የተጠበቀው ዝናብ በግንቦት ከመጠን በላይ ወርዶ በዞኑ 40 ያህል ሰዎች ሞቱ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ናዳ ከ10 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 15 ቀን፣ በጎረቤት ጎፋ ዞን ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው የወረደባቸው ናቸው።

ወላይታ ሕዝብ በብዛት የሰፈረበት ዞን በመሆኑ ተዳፋቱም ይታረሳል። ውሃ የጠገበ አፈር ይከብዳል፤ እርስ በርስ መያያዙም ይላላል። እርከንና ዓመቱን ሙሉ በጓሮ የሚቆየው እንሰት (በወላይትኛ ኡታ) አፈሩ እንዳይታጠብ ይረዳሉ፤ ጥልቅ ናዳን ግን አያቆሙም።

የመሬት መሰንጠቅ፣ የዛፎች መዝመምና የምንጭ ውሃ ድንገት መደፍረስ የናዳ ምልክቶች ናቸው። ናዳ ቀድሞ በወረደበት ተዳፋት ሊደገም ስለሚችል፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች የሚያስታውሷቸው ቦታዎች ቤት የማይሠራበትን ለመለየት ይጠቅማሉ።